ከወይራ ደፍ የተጠረበ እግር

በጫማ ሰፊዎቹ መንገድ «እትዬ ልክ» ካላችሁ ሕፃኑም ሽማግሌውም ጣቱን ወደ አንዲት ሰማያዊ በር ይቀስርላችኋል። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚጠራት የለም፤ ባሏ እንኳ ሲያኮርፍ «ሴትዮ»፣ ሲታረቅ «አንቺዬ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙ የተለጠፈባት በገዛ አፏ ነው። ሥራ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ ገና ቁጭ ሳይል «ልኩን ነው የምትፈልገው ወይስ የሚመስለውን?» ትለዋለች። አንድ ቀን አንድ ምላሰኛ ጫማ ሰፊ «እኔ የምፈልገው ቶሎውን ነው» ቢላት፣ «ግድ የለም ተቀመጥ፤ አንተንም ልክህን አስገባሃለሁ» አለችው። ግራና ቀኝ ያሉት ሰፊዎች መዶሻቸውን ጥለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ልክ ሆና ቀረች።

ሥራዋ ፎርማ መጥረብ ነው። ፎርማ ጫማ ሰፊ ቆዳውን ወጥሮ የሚቸነክርበት፣ የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። ጫማው ሲያልቅ ፎርማው ከውስጡ ይወጣል። ሰው ጫማውን ያደንቃል፣ ሰፊውን ያመሰግናል፤ ስለ እንጨቱ የሚጠይቅ የለም። «ልጁ ሲያምር ማን ማህፀኑን ያመሰግናል?» ትላለች እሷ፣ ቅር ሳይላት።

እንጨት ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አባቷ ዛቢያ ጠራቢ ነበሩ፤ የመጥረቢያ፣ የዶማ፣ የመዶሻ እጀታ እየጠረቡ ነው ቤተሰቡን ያሳደጉት። ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ደን አለ። በደኑ ውስጥ ብዙ ዓይነት ዛፍ ቢኖርም ለእሳቸው ግን ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ወይራ። በጋው ሌላውን ሲያራቁተው ወይራ ቅጠሉን አይጥልም። ቅጠሉ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ብርማ ነው፤ ነፋስ ሲገለብጠው ተራራው በሙሉ ልብስ የሚቀይር ይመስላል። ግንዱ ቀጥ ብሎ ማደግ አያውቅበትም። ይዞራል፣ ይቋጠራል፣ እንደ አሮጌ ገመድ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ዕድገቱ ደግሞ የኤሊ ነው። ልጅ ሳለች «አባባ፣ ይሄ ዛፍ ለምንድን ነው የማያድገው?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «እያደገ ነው፤ የቸኮልሽው አንቺ ነሽ» አሏት።

ሲያስተምሯት ብዙ አያወሩም ነበር። ጉማጁን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሮዋን ያስጠጓታል። እርጥብ ወይራ ሲመቱት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይታፈናል። የደረቀው ግን ጥርት ብሎ ይጮኻል። ሳይደርቅ የነኩት እንደሆነ ዛሬ ያስተካከሉትን ነገ ሰንጥቆ ይጠብቃል። ስለዚህ አባቷ ግንዱን ይቆራርጡና ጫፍና ጫፉን ሰም ቀብተው ከጓሮው ጥላ ሥር ይደረድሩታል፤ ከዚያ ዓመታት ይረሱታል። «ወይራ ቂመኛ ነው» ይሏት ነበር። «ካጣደፍሽው አይረሳልሽም።»

ወንድሞቿ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ወታደር ሆነው ሲሄዱ ከመጥረቢያው ጋር የቀረችው እሷ ናት። ጎረቤቶች ለእናቷ «ይቺ ልጅሽ እንዲህ መጥረቢያ ታቅፋ ማን ያገባታል?» ሲሏቸው፣ እናቷ «የሚፈራት አያግባት፤ የማይፈራት አይጠፋም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

የማይፈራት ሰው የመጣው በመዶሻ አሳቦ ነው። ገና አዲስ ሱቅ የከፈተ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ መሐል ይዞ ስለሚሠራ መንገዱ ሁሉ «ሚስማሬ» ይለዋል። ሚስማሬ የመዶሻ እጀታ ተሰበረብኝ ብሎ መጣ። አባትየው ጠርበው ሰጡት። ወር ሳይሞላ እንደገና ተሰበረብኝ ብሎ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አባትየው ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉና፣ «የኔ ልጅ፣ የወይራ እጀታ እንዲህ ቶሎ ቶሎ አይሰበርም። ወይ እኔ ሥራዬን ረስቻለሁ፣ ወይ አንተ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው» አሉት። ልጁ ደነገጠና ሚስማሮቹን ሊውጣቸው ትንሽ ቀረው። ከበሩ ጀርባ የነበረችው ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓሮ ሮጠች። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ለሠርጋቸው አባቷ ያመጡላቸው ስጦታ ደፍ ነበር። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስና ድስት ሲያመጣ እሳቸው ከሁሉም ጉማጅ የመረጡትን፣ ለብቻው አንድ ሰው የማያነሳውን የወይራ ልብ ጠርበው፣ አዲሶቹ ተጋቢዎች በተከራዩት ቤት በር ሥር በገዛ እጃቸው ቀበሩት። በኋላ ባልና ሚስቱ ያንኑ ቤት ገዙት፤ ሰማያዊ በር ያለው የፊት ክፍሉም ሱቋ ሆነ።

ፎርማ የጀመረችው በትዳሯ የመጀመሪያ ወራት ነው። ሚስማሬ አንድ ፎርማ ወደ ማንደጃ ሊጥል ሲል አየችው።

«ምን አጠፋ?»

«አለቀ። ለስላሳ እንጨት ነው፤ ሚስማሩ በልቶ በልቶ ጨረሰው። ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ነበር፤ ዛሬ የሚሰፋበት ጫማ ለሠላሳ ስምንትም ይጠባል።»

ፎርማውን ከእጁ ተቀብላ አገላበጠችው። ሆዱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ጫፉ ተሸርፏል። በሳምንቱ መጨረሻ ከአባቷ ጓሮ ደረቅ ጉማጅ ተሸክማ መጣች። የመጀመሪያውን ሙከራዋን ሚስማሬ አይቶ «ይሄ የሰው እግር ነው ወይስ የዳክዬ?» አላት። ሁለተኛውን አይቶ ዝም አለ። ሦስተኛውን ሲይዘው ሚስማሮቹን ከአፉ አወጣ። ሚስማሬ ሚስማሩን ከአፉ ካወጣ የምር የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው። «ይሄንን» አለ፣ «ለሌላ ሰፊ እንዳታሳዪው።»

አሳየችው እንጂ! ዓመት ሳይሞላ የመንገዱ ሰፊ ሁሉ የእሷን ፎርማ ይፈልግ ጀመር። ወይራው ቢቸነከር ቢነቀል ቅርጹን አይለቅም፤ በወደቀ ቁጥር የሚጎዳው ወለሉ ነው። የሴት ሹል ጫማ፣ የወንድ ሰፊ ጫማ፣ የሕፃናት ድብልብል ጫማ ሁሉ በእጇ አለፈ። መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ፊቱን ሳይሆን እግሩን አይታ «ይሄ የእኔ ነው» ትላለች።

ከዚያ ፕላስቲኩ መጣ። ከፋብሪካ የሚወጣ ፎርማ፤ ቀላል ነው፣ በሁሉም ቁጥር አለ፣ ቀኙና ግራው እንደ መንታ ይመሳሰላል። ሰፊዎቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ዞሩ። ባሏ ራሱ ሊገዛ አፍሮ ሲንቀዋለል አይታ «ግዛ እንጂ፤ ጥሩ እቃ ነው። እኔም ሰፊ ብሆን እገዛው ነበር» አለችው። በዚያው ሰሞን ተራራው ላይ ያለው ደን እንዳይቆረጥ ተከለከለ። በዚህም አልተማረረችም። ወይራው ከዓመት ዓመት ሲሳሳ በዓይኗ አይታዋለች፤ «ደግ አደረጉ። እኛ በአንድ ቀን የምንጥለውን እሱ በአንድ ዕድሜ አይመልሰውም» አለች። በጓሮዋ የነበረውን ደረቅ ጉማጅ ለመዶሻ እጀታ፣ ለተሰበረ ወንበር እግር፣ ለሊጥ መዳመጫ እያደረገች ቀስ በቀስ ጨረሰችው።

ሚስማሬ አንድ ቀን «አንቺዬ፣ ይሄን ሱቅ ዘግተሽ ከእኔ ጋር ብትሰፊስ?» ቢላት ከት ብላ ሳቀች። «ሰው ክንፍ አውጥቶ እስካልበረረ ድረስ» አለችው፣ «እኔ ሥራ አላጣም።»

አንድ ከሰዓት ሚስማሬ ሁለት ሴቶች አስከትሎ ሰማያዊውን በር አንኳኳ። እናትየዋ ከማዶ ያለች ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷ ነጭ ጋወን በክንዷ ይዛለች። ቀኝ እግሯ እንደማንም ሰው እግር ነው። ግራው ግን ከልደቷ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነው፤ ተረከዙ ወደ ላይ ተስቦ፣ ጎኑ መሬት ይረግጣል። እናቷ ከጨርቅና ከጠፍር የሰፋችላት ክፍት ነጠላ ጫማ ታስሮበታል።

«እኔ ያለኝን ፎርማ ሁሉ ሞከርኩ» አለ ሚስማሬ። ሚስማሮቹ በመዳፉ ላይ ነበሩ። «ይሄን እግር የሚያህል ቁጥር ፋብሪካው አልፈጠረም።»

ልጅቷ ነርስ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ በማዋለጃ ክፍል ተመድባለች። ዋናዋ ነርስ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ መርፌ ይወድቃል፣ መቀስ ይወድቃል፣ ደም ይፈሳል፤ ክፍት ጫማ አድርጎ መግባት ለማንም አይፈቀድም። «ድፍን ጫማ እስክታገኚ ካርድ ክፍል ሥሪ» ብላታለች።

«ካርድ ክፍልም እንጀራ ነው» አለች እናትየዋ፣ ቀስ ብላ።

«እማዬ፣ እኔ የተማርኩት ካርድ ለመደርደር አይደለም።»

እትዬ ልክ ይህን ስትሰማ ልጅቷን ወደደቻት። ዝቅተኛ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠቻትና ጠፍሩን ራሷ ፈታችላት። ልጅቷ እግሯን ልትሰበስብ ስትል ተረከዙን ያዘችው።

«ልኩን ነው የምትፈልጊው ወይስ የሚመስለውን?»

«የሚመስለውማ መች ጠፋ» አለች ልጅቷ። «የሚመስለው ሁሉ ነው ያቆሰለኝ።»

እትዬ ልክ እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጣ በእርሳስ ዞረችው፤ በሜትር ለካችው፤ ከዚያ ሁለቱንም ትታ በእጇ ትዳስሰው ጀመር። የቱ ጋ አጥንት እንዳለ፣ የቱ ጋ ሥጋው እንደሳሳ፣ የቱ ጋ ቆዳው ከመርገጥ ብዛት እንደ ሶል እንደጠነከረ። ብዙ ቆየች። እናትየዋ ዝምታው ከበዳትና «ጠማማ ሆኖ አስቸገረሽ አይደል?» አለቻት።

«ጠማማ አትበይው። ወይራ አይተሽ ታውቂያለሽ? እሱም ሲያድግ ይዞራል። የዞረው ስለደከመ አይደለም። ይሄ እግር ልጅሽን እዚህ ድረስ ተሸክሞ አምጥቷታል፤ እኔ የማየው እሱን ነው።»

እናትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ልጅቷ ግን ሳቀች። «እስካሁን ድንች ነበር የሚሉት፤ ወይራ ከሆነማ አድጓል።»

ችግሩ እንጨቱ ነበር። ከጓሮው የቀረው፣ ንፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ የደኑ ጠባቂ የፈቀደላት አንድ ጉማጅ ብቻ ነው። በጣቷ አንጓ መታችው። ድምፁ ጥርት ያለ አልነበረም፤ የታፈነም አልነበረም። ጆሮዋ «ገና ነው» አላት፤ ልቧ ደግሞ ያቺን ልጅ ካርድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እያየ «ይበቃዋል» አላት። ልቧን ሰማች። ቀኑን ሙሉ ጠረበች፣ ሞረደች፤ እግሩ ከእንጨቱ ውስጥ እየወጣ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ፎርማው ከተረከዝ እስከ ጣት ተሰንጥቆ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል።

ሚስማሬ መጥቶ አየው። «ሲሮጡ የታጠቁት...» ብሎ ጀመረ።

«ሲሮጡ ይፈታል። አውቃለሁ። ጨርሰው ብዬሃለሁ?»

የእንጨት ሥራ ቤቶችን ሁሉ ዞረች። አናጺዎቹ ያላቸው ለስላሳ እንጨት ነው። «ለአንድ ጫማ አይደል? ይሄም ይሆናል» አሏት። እሷ ግን ለአንድ ጫማ አልነበረም የምታስበው። ቁጥር ያለው እግር ፎርማው ቢያረጅ ሌላ ይገዛለታል። የዚህች ልጅ ግን ዛሬ የሚጠረበው ፎርማ ዕድሜዋን ሙሉ ጫማ የሚሰፋበት ነው፤ እሱ ካለቀ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ ከወይራ ሌላ አይሆንም፤ ከደረቀ ወይራ።

እንዲህ እያሰበች ከቤቷ በር ላይ ቁጭ አለች። ሲጨንቃት በጣቷ ያገኘችውን የመምታት አመል አላት። ኳ ኳ አደረገች። ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እንደገና መታች። ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ የሚጮኽ ድምፅ ነው።

የተቀመጠችው ደፉ ላይ ነበር።

ወዲያው ተነስታ ከጓሮ ድጅኖ አመጣች። ከጎኑ ያለውን አፈር መነቅነቅ ስትጀምር ጎረቤቷ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየቻትና ቅርጫቷን ለቀቀችው።

«ምን ሆንሽ? ቤትሽን እያፈረስሽ ነው እንዴ?»

«ደፉን ነው።»

«ደፍ የሌለው ቤት አለ? ኧረ በፈጠረሽ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለ ሰው!»

«ከምትተርቺ ያዢልኝ፤ ይከብዳል።»

ጎረቤቷ እያጉረመረመች መጥታ ያዘችላት። ሁለቱ ሴቶች እየጎተቱ እያንከባለሉ አወጡት። ላዩ በእግር ብዛት መሐሉ ላይ ጎድጉዶ ነበር። አባቷ ረግጠውታል፤ እናቷ ረግጠውታል፤ ልጆቿ ዳዴ እያሉ አልፈውበታል። እትዬ ልክ መጥረቢያውን አንስታ ትንሽ ቆመች። ማዘኗ እውነት ነው። ግን ዛፉን የምታውቀው ከአባቷ ነው፣ አባቷ ደግሞ ጥሩ እንጨት ያለ ሥራ ሲቀመጥ አይወዱም ነበር። መጥረቢያውን አሳረፈችው። ግራጫው ገጽ ተፈልጦ ሲወድቅ ከውስጡ ቡናማው ብቅ አለ፤ ጥቁር ጅማቶቹ እንደ ጭስ ተጠማዝዘው፣ ሽታው ትናንት እንደተቆረጠ። ስንጥቅ የለበትም።

ሚስማሬ ለምሳ መጣ። የለመደውን ደፍ ለመሻገር እግሩን አነሳ፤ ደፍ የለም፤ በግንባሩ ሊደፋ ሲል መቃኑን ይዞ ተረፈ። ወደ ታች አየ፣ ወደ ላይ አየ፣ ሚስማሮቹን ከአፉ አወጣ።

«ሴትዮ! ደፋችን የት ሄደ?»

«እዚህ አለ» አለች፣ ሞርሳው ላይ የታሰረውን እያሳየች።

«አባትሽ በእጃቸው የቀበሩትን? የሠርጋችንን?»

«የቀበሩት እንዲበሰብስ መሰለህ?»

«ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቤት ሲገባስ?»

«መጥረጊያ የት እንዳለ ታውቃለህ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን እንጨቱ ላይ አረፈ። ተጠግቶ በጣቱ መታው። እንደ ደውል ሲጮኽ ሰማ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ ክንዷ ላይ የእንጨት ብናኝ ተጣብቋል፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ ጊዜዋ ያበራል። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ወደ አፉ መለሰና ወደ ሱቁ ሄደ። ምሳውን ረስቶት።

ይሄኛውን አላጣደፈችውም። በመጥረቢያ ቅርጹን አወጣች፣ በመሮ ጎደጎደች፣ በሞረድ አለሰለሰች፤ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው እንጨቱ ዘይት የተቀባ ያህል ተንጸባረቀ። ሚስማሬ ጥቁር ቆዳ መርጦ በላዩ ወጠረ። ከውጭው ጎን፣ እግሩ በሚረግጥበት በኩል፣ ሶሉን ከፍ አድርጎ ሰፋው። የቀኙን ደግሞ መንታው እንዲመስል አድርጎ ሠራው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።

ልጅቷ ለመሞከር ስትመጣ እናቷ፣ ጎረቤቷና ሁለት ሰፊዎች በሩ ላይ ተኮልኩለው ነበር። ጫማውን አጥልቃ ቆመች። ሁሉም «እሰይ!» አለ። ልጅቷም ፈገግ ብላ «ልክ ነው» አለች።

እትዬ ልክ አልተንቀሳቀሰችም። «እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደሽ ተመለሽ።»

ሄዳ ተመለሰች።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፤ ልክ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ልክ ከሆነ ለምን ትንፋሽሽን ትይዣለሽ?»

ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች። እትዬ ልክ አስቀምጣ ጫማውን አወለቀችላት። ከትንሿ ጣት ሥር ያለው አጥንት ቀልቷል።

«ይህን ያህል ደክማችሁ...» አለች ልጅቷ፣ «ደፍዎን ሁሉ ነቅለው፣ እንዴት ነው ያመኛል የምለው?»

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ነገ አንዲት ወላድ መጥታ እያመማት ‹ደህና ነኝ እትዬ፣ አትድከሚ› ብትልሽ ደስ ይልሻል?»

«አይለኝም።»

«እንግዲያው እኔንም አታዋርጂኝ። የት ነው?»

«እዚህ ጋ። እዚህም ትንሽ።»

በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ሰፊ «ጫማው ስታደርገው ይላላል፤ ቆዳ አይደል?» ቢል፣ ሚስማሬ ሳያስበው ሚስማሮቹን ሁሉ መሬት ላይ ተፋቸውና «አንተ ሰውዬ፣ እኛ ቤት እንዲህ ተብሎ አይታወቅም» አለው። እትዬ ልክ ባሏን ዘወር ብላ አየችው። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመናቸው ከሰማቻቸው ቃላት ሁሉ ይሄን ነው በኋላ ለሰው ደጋግማ የምታወራው።

እንጨት የሚወስዱበትን ይሰጣል እንጂ የጎደለውን አይመልስም። ፎርማው ያ አጥንት ባለበት ቦታ ለጥቂት አንሶ ነበር። ስለዚህ ቀጭን ቆዳ ቆርጣ በማስቲሽ አጣበቀችበት፣ ዳሩን አሳሳችው፣ እንደገና ሌላ ቁራጭ ጨመረች፤ ልጅቷን በየመሐሉ እያስጠራች በእጇ እግሩንና እንጨቱን አንዴ ይሄን አንዴ ያን ትዳስሳለች። ሚስማሬ የመጀመሪያውን ጫማ ፈትቶ አዲስ ሰፋ። በሁለተኛው ሙከራ ልጅቷ «ልክ ነው» አላለችም። መንገዱን ወረደች፣ ማዕዘኑን ታጠፈች፣ ጠፋች። ቆዩ። እናትየዋ «ምን ሆና ይሆን?» ማለት ስትጀምር ልጅቷ በሌላኛው በኩል፣ ሰፈሩን በሙሉ ዞራ፣ ላብ በላብ ሆና እየሳቀች መጣች።

«ረስቼው» አለች። «ጫማ እየሞከርኩ መሆኑን ረስቼው አለፍኩ።»

ማዋለጃ ክፍል ገባች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ጋወኗን እንደለበሰች ወደ ሱቁ መጥታ የጫማውን አፍንጫ አሳየቻቸው፤ ቆዳው ላይ ትንሽ ጭረት አለ። «መቀስ ወደቀብኝ» አለች፣ ሜዳሊያ የተሸለመች ይመስል። ሚስማሬ ጭረቱን ሊቀባው ጥቁር ቀለም ቢያነሳ «ይተዉት» አለችው። ያን ቀን መንታ አዋልዳ ነበር፤ ስለ መንታዎቹ አውርታ ሳትጨርስ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ወሬ እግር አለው ይባላል፤ ይሄኛውማ ጫማም ነበረው። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷን ያየ ሁሉ «ማን ሠራልሽ?» ይላል። መጀመሪያ የመጣው አንድ እግሩ በአደጋ ያጠረ መምህር ነው። ከዚያ በሕመም ጣቶቿ የተቆለመሙ ዳቦ ጋጋሪ መጣች። ከዚያ ከሩቅ ከተማ ልጁን አዝሎ የመጣ አባት። ፕላስቲኩ የጥንድ እግሮችን ሥራ ወስዶ ሄደ፤ ጥንድ ያልሆኑት ሁሉ ወደ ሰማያዊው በር መጡ። አሁን ሱቋ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎርማዎች አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንዳንዱ የተጨበጠ እጅ ይመስላል፣ አንዳንዱ የመርከብ ሆድ። ቁጥር የላቸውም፤ የባለቤቱ ሙያ ነው የሚጻፍባቸው። መምህሩ፣ ጋጋሪዋ፣ ነርሷ።

የደፉ እንጨት ለጥቂት እግሮች ብቻ ነው የበቃው። ስለዚህ እትዬ ልክ ወደ ተራራው ወጥታ ከደኑ ጠባቂ ጋር ተቀመጠች። ጠባቂው ጢሙ የሸበተ፣ በዛፍ ጉዳይ ዘመድ የማያውቅ ሰው ነው።

«ቆሞ ያለውን አትነኪም» አላት።

«ማን ጠየቀህ? የወደቀውን ነው።»

«የወደቀ ካልኩሽ በየሳምንቱ ልትጥዪ ነው።»

«እኔ ወይራ ልጥል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወይራ ከጣልኩ ደኑን ሳይሆን እኔን ነው መጠበቅ ያለብህ።»

ሳቀና ፈቀደላት። ክረምቱ የጣለውን፣ በዕድሜ የደረቀውን፣ መንገድ የዘጋውን ቅርንጫፍ እየመረጠ ያስቀምጥላታል። እሷም በምትወጣ ቁጥር ገላጣ ቦታ ላይ ችግኝ ትተክላለች፤ ደረቅ ወር ሲመጣ ጄሪካን ተሸክማ ወጥታ ታጠጣቸዋለች። ከተከለቻቸው ውስጥ እስከ ጉልበቷ የደረሰ አለ። «በዚህ አካሄድ» አለች አንድ ቀን ለጠባቂው፣ «የልጅ ልጄ የልጅ ልጅ ጫማ ሲጠበው ይደርስለታል።»

ጓሮዋ እንደገና ሞልቷል። ጉማጆቹ ጫፋቸው ሰም ተቀብቶ ተደርድረዋል፤ ገና ብዙ ዓመት ይቀራቸዋል። ነርሷ አንድ ቅዳሜ መጥታ ስታያቸው «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እስኪደርቅ ስንት ዓመት ነው፤ ያኔ ማን ይጠርበዋል?» ብላ ጠየቀቻት፤ ከአፏ ካወጣችው በኋላ ግን ደነገጠች።

«ማን ይጠርበዋል?» አለች እትዬ ልክ፣ እጅጌዋን ወደ ላይ እየሰበሰበች። «ጠራቢ የሌለው መስሎሽ ነው? ጋጋሪዋ ሰኞ ሰኞ እየመጣች እየተማረች ነው። እጇ ሊጥ ስለለመደ ቅርጽ ይገባታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተረከዝ ሠራች፤ ሚስማሬ አይቶት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ምንም።»

በዚህ መሐል በሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ቆመ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፣ ሲያዩት ግን ቀጥ ብሎ ለመቆም ይታገላል።

«እኔ እንኳ እግሬ ምንም አይለውም» አለ። «ሚስቴ ናት የላከችኝ።»

«ሚስትህን እናመሰግናታለን። ግባ።»

«አይ፣ ማለቴ፣ ጫማው ነው እንጂ የሚጠበው እግሬ ደህና ነው።»

«የመጣ ሁሉ እግሩ ደህና ነው» አለችው፣ በርጩማውን በእግሯ ወደ እሱ እየገፋች። «ቁጭ በልና ካልሲህን አውልቅ። አንቺም ነርሷ፣ መብራቱን ወደዚህ ያዢልኝ።»

ሾፌሩ ወደ ውጭ አየ፣ ወደ ነርሷ አየ፣ ተነፈሰ፣ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።